የስብን ባሕርይ የገለጠው ኬሚስት፦ ሚሼል ኤዤን ሸቭረል (1786–1889)

የሰው ልጅ ስብንና የአመድ ውሃን አብሮ አፍልቶ ሳሙና ማውጣትን ከተማረ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ እንኳ፣ በብረት ድስቱ ውስጥ የሚካሄደው ነገር ምን እንደሆነ አጥርቶ የሚያስረዳ አልተገኘም ነበር። ሳሙና ቀቃዩ በዓይኑና በእጁ ተመርቶ፣ አንዳንዴም በምላሱ ቀምሶ፣ ጨው የሚጨመርበትንና እሳት የሚበርድበትን ሰዓት ያውቃል፤ ሥራውም ብዙውን ጊዜ ይሳካለታል። ባይሳካለት ግን ምክንያቱን ሊናገር አይችልም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በኬሚስቶች ዘንድ ይሠራበት የነበረውም አስተሳሰብ ከቀቃዩ ዕውቀት እምብዛም የራቀ አልነበረም። ስብ አንድ ወጥ ነገር ነው፤ ከአልካሊ ጋር ሲገናኝ እንዳለ ተዋሕዶ ሳሙና ይሆናል ይባል ነበር። ይህን አስተሳሰብ በዐሥራ ሁለት ዓመት የቤተ ሙከራ ድካም ከሥሩ ነቅሎ የጣለው ፈረንሳዊው ሚሼል ኤዤን ሸቭረል ነው። ዛሬ የስብ አሲድ ኤስተር ብለን የምንጠራቸው ውሁዶች ምንነት በመጀመሪያ የታወቀው በእርሱ እጅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሸቭረል በምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው በአንዤ ከተማ በነሐሴ 31 ቀን 1786 ተወለደ። አባቱ በከተማይቱ የታወቀ ሐኪምና የሕክምና መምህር ነበር። ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው አብዮቱ ፈነዳ። አካባቢውም በንጉሣውያንና በሪፐብሊኩ ሠራዊት መካከል በተደረገው ጦርነት ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበረ። የጊዮቲን ስለት በአደባባይ ሲሠራ በሕፃን ዓይኑ ለማየት እንደበቃ ይነገራል። ዘመናዊ ኬሚስትሪን የመሠረተው ላቯዝዬ ራሱ በ1794 በዚያው ስለት አንገቱ ሲቆረጥ ሸቭረል ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ ሰውዬው ኬሚስትሪን የተማረው ላቯዝዬ ጀምሮት የሄደውን ሥራ ከሚቀጥሉት ሰዎች አፍ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

በ1803 በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ወደ ፓሪስ ሄዶ በሉዊ ኒኮላ ቮክላን ቤተ ሙከራ ገባ። ቮክላን ክሮሚየምንና ቤሪሊየምን ያገኘ፣ በትንተና ኬሚስትሪ በዘመኑ አቻ ያልነበረው፣ ከገበሬ ቤት ወጥቶ በጥረቱ ብቻ ለዚያ ደረጃ የበቃ ሰው ነው። ደቀ መዝሙሩ ከእርሱ የቀሰመው ትልቁ ነገር ትዕግሥት ነው፤ ይኸውም አንድን ነገር ከመሰየም በፊት ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ንጹሕ መሆኑን ከማመን በፊት ደግሞ ደጋግሞ መለካት ነበር። ሸቭረል በ1810 በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ረዳት ሆነ፤ በ1813 ደግሞ በሻርለማኝ ሊሴ የፊዚክስ መምህርነት ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ሙዚየሙን እስከ ሞቱ ድረስ አልተለየውም።

ወደ ስብ ጥናት የገባበት አጋጣሚ እጅግ ተራ ነው። በ1811 ግድም ከአሳማ ስብና ከፖታሽ የተሠራ ለስላሳ ሳሙና እንዲመረምር ቀረበለት። ሳሙናውን በብዙ ውሃ ሲበጠብጠው እንደ ዕንቁ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት መሳይ ነገር ወደ ታች ዘቀጠ። ያንን ለይቶ በአሲድ ሲያክመው የተገኘው ጠጣር ነገር በመልኩ ስብ ይመስላል፤ ግብሩ ግን የአሲድ ነው። በትኩስ አልኮል ይሟሟል፣ ሰማያዊውን ሊትመስ ያቀላል፣ ከአልካሊ ጋር ተዋሕዶ ጨው ይሠራል። ይህ ነገር በስቡ ውስጥ እንዲሁ አልነበረም፤ ሳሙናው ሲበስል የተወለደ ነው። ሸቭረል በዕንቁ መሳይ ብልጭታው ምክንያት፣ ዕንቁ ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ፣ ማርጋሪክ አሲድ ብሎ ሰየመው። ይህ ስም ኋላ ብዙ ጣጣ አምጥቷልና አንባቢ በልቡ ያኑረው።

ከዚህ በኋላ ያለው ዐሥር ዓመት በውጭ ሲታይ አሰልቺ ነው። የበሬ፣ የበግ፣ የአሳማ፣ የዝይ ስብ፣ የሰው ስብ፣ የዶልፊን ዘይት፣ የላም ቅቤ፣ ሁሉንም በየተራ በአልካሊ ያፈላቸዋል፤ በአሲድ ይለያቸዋል፤ የተገኘውን በአልኮል እያሟሟ ያቀዘቅዘዋል። ቁም ነገሩ ያለው ግን በዚህ መደጋገም ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ከእንስሳ አካል የወጣ ነገር ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይ የታወቀ መለኪያ አልነበረም። ሸቭረል የመቅለጫ ነጥብን መለኪያው አደረገ። አንድ አሲድ ከአልኮል ውስጥ ደጋግሞ ክሪስታል ሲሆን የመቅለጫ ነጥቡ ከፍ እያለ ይሄድና በመጨረሻ ከአንድ ቦታ ይቆማል። መለወጡን ሲያቆም ያን ጊዜ ንጹሕ ነው ብሎ ተቀበለ። ዛሬ ማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት ቤተ ሙከራው የሚሠራው ይህ ፈተና የገነነው በእነዚህ የስብ ጥናቶች ነው።

በዚህ መንገድ የተለዩት አሲዶች ዝርዝር ዛሬ በየሱቁ ከምናየው የዘይት ጠርሙስ ጽሑፍ ጋር ይመሳሰላል። ከሞራ የወጣውን ጠጣር ስቴሪክ አሲድ፣ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ የሆነውን ኦሌይክ አሲድ አለው። ከቅቤ ውስጥ ያንን የሻገተ ቅቤ ሽታ የሚሰጠውን ቡቲሪክ አሲድ፣ እንዲሁም ፍየል ከሚለው የላቲን ቃል የተሰየሙትን ካፕሮይክንና ካፕሪክን አገኘ። ከሐሞት ጠጠር የሚወጣውና ከአልካሊ ጋር ሲፈላ ምንም ያልሆነው ነጭ ነገር ስብ አለመሆኑን አሳይቶ በ1816 ኮሌስተሪን የሚል ስም አወጣለት፤ ዛሬ ሐኪም ሁሉ የሚያነሣው ኮሌስትሮል ይህ ነው። በመካከሉም በ1815 በስኳር ሕመምተኛ ሽንት ውስጥ ያለው ስኳር ከወይን ስኳር ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ።

ታላቁ ውጤት ግን የክብደት ሒሳቡ ነው። ስዊድናዊው ሼሌ ቀደም ሲል በ18ኛው ምዕተ ዓመት የወይራ ዘይትን ከእርሳስ ኦክሳይድ ጋር አፍልቶ አንድ ጣፋጭ ፈሳሽ አግኝቶ ነበር። ሸቭረል ይህንኑ ፈሳሽ ግሊሰሪን ብሎ ሰየመውና ከየስቡ ሳሙና ሲወጣ ሁልጊዜ አብሮ እንደሚገኝ አሳየ። ከዚያም ስቡን፣ የተገኙትን አሲዶችና ግሊሰሪኑን በሚዛን ሲያነጻጽር የውጤቶቹ ድምር ከመነሻው ስብ በለጠ። ጉዳዩ ለችኩል ሰው የሚዛን ስህተት ይመስላል። በዛሬው ዕውቀት ብናሰላው 100 ግራም ንጹሕ ትራይስቴሪን ወደ 95.7 ግራም ስቴሪክ አሲድና ወደ 10.3 ግራም ግሊሰሪን ይሰጣል፤ ድምሩ 106 ግራም ነው። ትርፉ 6 ግራም ግድም ከውሃ የመጣ ነው። ስቡ ሲሰነጠቅ ውሃ ተካፍሎ ገብቶበታል ማለት ነው። ሸቭረል ሚዛኑን አመነ፤ ትርፉንም በውሃ መግባት አስረዳ። ይህም ስብ የአሲድና የግሊሰሪን ውሁድ እንደሆነ፣ ሲዋሐዱም ውሃ እንደወጣባቸው የሚያመለክት ነበር።

ከዓሣ ነባሪ ራስ የሚወጣውን ስፐርማሴቲ በመረመረ ጊዜ ደግሞ አሲዱ ቢገኝም ግሊሰሪን ጠፋ። በፋንታው አልኮል መሳይ ጠጣር ነገር ተገኘ፤ የኤተርንና የአልኮልን ስም መጀመሪያ ገጥሞ ኤታል አለው። ዛሬ ሴቲል አልኮል ይባላል። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ አሲዱን ይዞ የሚቆየው ግሊሰሪን ብቻ ሳይሆን ሌላም አልኮል ሊሆን ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሠራበት የንብ ሰምም ከዚሁ ወገን ነው፤ ዋነኛው ክፍሉ የፓልሚቲክ አሲድና የረጅም ሰንሰለት አልኮል ኤስተር ነው። ጧፍ ሲጠፋ ሽታው ከሞራ ኩራዝ ሽታ የሚለየውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የሞራ ጭስ ዓይን የሚያስለቅሰው በውስጡ ያለው ግሊሰሪን በሙቀት ፈርሶ አክሮሊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ስለሚሆን ሲሆን፣ ሰም ግን ግሊሰሪን የለውም። ዘይት በመጥበሻ ላይ እስኪጨስ ተረስቶ ሲቀር ጉሮሮን የሚቆርጠው እርሱው ነው።

የጥናቱ ሁሉ ድምር በ1823 ከእንስሳ ስለሚገኙ ስቦች በሚናገር መጽሐፍ ታተመ። ሸቭረል በዚህ መጽሐፍ ስቦችን በዚያን ጊዜ ኤተር ይባሉ ከነበሩት ውሁዶች ጋር አመሳሰላቸው። ኤስተር የሚለውን ቃል ጀርመናዊው ግሜሊን ያወጣው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በ1848 ነው። በ1854 ደግሞ ቤርተሎ ግሊሰሪንንና የስብ አሲዶችን በታሸገ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ለብዙ ሰዓታት አሙቆ ስብን መልሶ ሠራ፤ አንድ ግሊሰሪን አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት አሲድ ሊይዝ እንደሚችልም አሳየ። አንዱ ፈታ፣ ሌላው ገጠመ፤ ሁለቱ ሥራዎች ሳይጋጩ መግጠማቸው ለሸቭረል ሒሳብ ትልቁ ምስክር ሆነ።

መጽሐፉ ሳይቀዘቅዝ ዕውቀቱን ወደ ጥቅም የማዋል ሐሳብ መጣ። በዚያ ዘመን ድኻው የሚያበራው የሞራ ሻማ ነበር፤ ይጨሳል፣ ይሸታል፣ በበጋ ሙቀት ይለሰልሳል። ሀብታሙ የንብ ሰም ያበራል። ስቴሪክ አሲድ ግን ንጹሑ የሚቀልጠው በ69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ አይጨስም፣ አይሸትም፣ እጅ አያቀባም። ሸቭረል ከእውቁ ኬሚስት ከጌ-ሉሳክ ጋር ሆኖ በ1825 የስብ አሲድ ሻማ ለመሥራት የፈጠራ መብት አወጣ። ሥራው በገበያ ከሸፈ።

ይህ ውድቀት ለመሐንዲስ ከስኬቱ የበለጠ የሚያስተምር ስለሆነ ትንሽ ሊቆይበት ይገባል። ሁለቱ ሊቃውንት ወደ ፋብሪካ ያመጡት የቤተ ሙከራውን ዘዴ ነበር። ስቡን የሚሰነጥቁት በውድ አልካሊ ነው፤ ሳሙናውን መልሰው የሚያፈርሱት በአሲድ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ ውለው ያልቃሉ። ከዚያ በላይ ክሩ አስቸገረ። የተገመደው የጥጥ ክር በሞራ ሻማ ላይ በመቀስ እየተቆረጠ ይነድድ የነበረ ሲሆን፣ በአዲሱ ሻማ ላይ ተጠራቅሞ ከሰለና ነበልባሉን አፈነው። ካምባሴሬስ የተባለ መሐንዲስ በዚያው ጊዜ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ክር አወጣ፤ ይህ ክር ሲነድድ ጫፉ ወደ ጎን ታጥፎ ከነበልባሉ ውጭ ስለሚወጣ አየር አግኝቶ አመድ ይሆናል። ደ ሚሊ የተባለ ሰው ደግሞ ሞታር ከሚባል ባልደረባው ጋር በ1831 ግድም በፓሪስ የኮከብ በር አጠገብ ፋብሪካ አቁሞ ውዱን አልካሊ በኖራ ተካው። የኖራ ሳሙና በውሃ አይሟሟም፤ በሰልፈሪክ አሲድ ሲፈርስ ጂፕሰሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ የስብ አሲዱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። የረጋው በመጭመቂያ መጀመሪያ በቀዝቃዛው፣ ከዚያም በትኩሱ ሲጨመቅ ፈሳሹ ኦሌይክ አሲድ ተጠርጎ ይወጣና ነጩ ጠጣር ይቀራል። የኮከብ ሻማ በአውሮፓ ሁሉ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ሸቭረል ከዚህ ኢንዱስትሪ ያገኘው ሀብት ይህ ነው የሚባል አልነበረም፤ አገኝ ብሎ የደከመበትም አይመስልም።

በዚህ መካከል ግን አንድ አደገኛ ነገር ተፈጸመ። ስቴሪክ አሲድ ሲበርድ በትልልቅ ክሪስታል ስለሚረጋ ሻማው ተሰባሪ ይሆናል። አንዳንድ ሻማ ሠሪዎች ጥቂት ነጭ አርሰኒክ ቢጨመርበት ክሪስታሉ ደቅቆ ሻማው እንደሚያምር ደረሱበት። ሻማው ሲነድድ አርሰኒኩ ከጭሱ ጋር ወደ ክፍሉ አየር ይወጣ ነበር። በሚያምር ነጭ ሻማ ሥር ተቀምጦ የሚያነብ ሰው መርዝ እየተነፈሰ ነበረ ማለት ነው። በ1837 በለንደን የዌስትሚኒስተር ሐኪሞች ማኅበር ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቁሞ በእንስሳት ላይ ጭምር በተደረገ ሙከራ ጉዳቱን ይፋ አወጣ። መፍትሔው ደግሞ አሳፋሪ በሆነ መጠን ቀላል ነበር። ጥቂት የንብ ሰም መጨመር፣ ቅርጽ ማውጫውን አስቀድሞ ማሞቅ፣ አሲዱንም ወተት እስኪመስል ድረስ እያማሰሉ አቀዝቅዞ ማፍሰስ ብቻ በቂ ሆኖ ተገኘ። የክሪስታልን ጠባይ በሙቀት መቆጣጠር ሲቻል በመርዝ መቆጣጠሩን የመረጡት ሰዎች ለጊዜው ያተረፉት ትንሽ የሥራ ሰዓት ነው።

ሸቭረል ራሱ በ1824 ሌላ ኀላፊነት ተቀብሎ ነበር። በፓሪስ የጎብላን የጥልፍ ምንጣፍ ፋብሪካ የቀለም ነከራ ክፍል ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ። ሸማኔዎች ጥቁሩ ቀለም አይጠቁርም፣ ጎልቶ አይታይም እያሉ ያማርሩ ነበር። እርሱም ጥቁሩን ሱፍ ከሌላ ቦታ ከመጣው ጋር አነጻጽሮ ነከራው ጉድለት እንደሌለበት አረጋገጠ። ችግሩ ከጥቁሩ አጠገብ የተጠለፈው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ነበረ። ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን እያንዳንዱን ከሌላው እያራቀ ያያል። ይህን በብዙ ሙከራ አስፋፍቶ በ1839 ስለ ቀለሞች ተጓዳኝ ንጽጽር ሕግ መጽሐፍ አወጣ። ከፈረንሳይ ሠዓሊዎች መካከል ከቤተ ሙከራ ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበራቸው ብዙዎች ይህን መጽሐፍ አጥንተዋል። ስሙ በሥዕል ታሪክ ውስጥ ከኬሚስትሪ ታሪክ ባላነሰ የሚነሣው በዚሁ የተነሣ ነው።

ለራሱ አስተያየት እንኳ ምን ያህል ተጠራጣሪ እንደነበረ የሚያሳየው ግን የፔንዱለሙ ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን በክር የተንጠለጠለ ቀለበት ከአንዳንድ ብረቶች በላይ ሲያዝ በራሱ ይወዛወዛል፣ የተሰወረን ነገር ያመለክታል የሚሉ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ሸቭረል በ1812 ራሱ ሲሞክረው በእርግጥም ከሜርኩሪ ላይ ተወዛወዘለት። መስታወት በመካከሉ ሲያስገባ ቆመ። ብዙ ሰው በዚህ ይረካ ነበር። እርሱ ግን ክንዱን በድጋፍ ላይ አሳርፎ ሞከረ፤ ውዝዋዜው ቀነሰ። ዓይኑን አስሸፍኖ መስታወቱ መቼ እንደሚገባ ሳያውቅ ሲሞክርም ውዝዋዜው ጠፋ። ከዚህ በመነሣት ቀለበቱን የሚያንቀሳቅሰው የያዘው ሰው ጡንቻ እንደሆነ፣ ሰውዬውም ይሆናል ብሎ የጠበቀውን ሳያውቅ እንደሚያደርገው ደመደመ። በ1833 ለአምፔር በጻፈው ደብዳቤ ይህን ገለጠ። በ1854 ደግሞ የጠረጴዛ መሽከርከርና የመናፍስት ጥሪ ፓሪስን ባጥለቀለቀ ጊዜ በጉዳዩ ላይ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። ሞካሪው የትኛው ናሙና የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ እንዲለካ የማድረግ ልማድ ዛሬ በመድኃኒት ጥናት ውስጥ ሕግ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ይህ ጠንቃቃ ሰው በአንድ ነገር ተሳስቶ ነበር፤ ስህተቱም በመጀመሪያው ግኝቱ ላይ ነው። ማርጋሪክ አሲድ ብሎ የሰየመው ነገር አንድ አሲድ አልነበረም። ጀርመናዊው ሃይንትስ በ1850ዎቹ መጀመሪያ የፓልሚቲክና የስቴሪክ አሲድ ድብልቅ መሆኑን አሳየ። ሁለቱ በተወሰነ መጠን ሲቀላቀሉ ከአልኮል አብረው ክሪስታል ይሆናሉ፤ የመቅለጫ ነጥባቸውም አልለወጥ ይላል። ሸቭረል ያመነው መለኪያ ራሱ ያታለለው እዚህ ላይ ነው። አለመለወጥ ለንጽሕና አስፈላጊ ምልክት ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። ስሙ ግን አልሞተም። በ1869 ሜዥ-ሙርየስ ከበሬ ስብ የቅቤ ምትክ ሠርቶ ስሙን ከዚያው ከማርጋሪክ ወሰደ፤ ማርጋሪን የሚለው በየሸቀጣ ሸቀጥ ሱቁ ያለው ቃል ከሌለ አሲድ የተወለደ ነው። ኬሚስቶችም ዐሥራ ሰባት ካርቦን ያለውን፣ በተፈጥሮ እጅግ ጥቂት ሆኖ የሚገኘውን አሲድ ማርጋሪክ አሉት።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ዛሬ በቤተ ሙከራ የአንድን ዘይት የስብ አሲዶች ለመለካት በመጀመሪያ ወደ ሜቲል ኤስተር ይለወጣሉ። ነጻው አሲድ በሃይድሮጅን ትስስር ስለሚያያዝ ለመትነን ይቸግራል፣ በጋዝ ክሮማቶግራፍ ውስጥም ይጣበቃል፤ ኤስተሩ ግን በዝቅተኛ ሙቀት ተንኖ በሥርዓት ተራ በተራ ይወጣል። ለመጠን ማነጻጸሪያ ደግሞ በናሙናው ውስጥ የሌለ አንድ ኤስተር በታወቀ መጠን ይጨመራል። ለዚህ ለብዙ ጊዜ የተመረጠው የዐሥራ ሰባት ካርቦኑ፣ የማርጋሪክ አሲድ ሜቲል ኤስተር ነበር። በ2003 የወጣው የአውሮፓ የባዮዲዝል ደረጃም ያዘዘው ይህንኑ ነበር። ባዮዲዝል ከእንስሳ ስብ መሠራት ሲጀምር ግን፣ በበሬና በበግ ስብ ውስጥ ይህ አሲድ በጥቂቱ ስለሚገኝ ልኬቱ ተዛባ። በ2011 ዐሥራ ዘጠኝ ካርቦን ባለው ኤስተር ተተካ።

እነዚህ ኤስተሮች በአያያዝ በኩል ከብዙ የቤተ ሙከራ ኬሚካሎች ይልቅ ጨዋ ናቸው። በቀላሉ አይተንኑም፣ በቀላሉም አይቀጣጠሉም፤ መርዛማነታቸውም አነስተኛ ነው። አደጋው ብዙውን ጊዜ ያለው በአሠራራቸው ላይ ነው። ሜቲል ኤስተር የሚሠራበት ሜታኖል በ11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን የሚሰጥ፣ ጥቂቱ ዓይን የሚያሳውር መርዝ ነው፤ ለመነሻነት የሚገባው አልካሊም ሥጋ ይበላል። ሁለተኛው አደጋ አየር ነው። እንደ ኦሌይክና ሊኖሌይክ ያሉት ያልሞሉ አሲዶች ኤስተር ከኦክስጅን ጋር ቀስ ብሎ ይሻግታል፤ ስለዚህ በትንሽ ጠርሙስ፣ በጨለማና በቅዝቃዜ፣ በናይትሮጅን ሥር ይቀመጣል። እርጥበት ከገባበትም ወደ አሲድና አልኮል ይመለሳል፤ ይኸው ሸቭረል ያየው የውሃ መግባት ነው። በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ሲጣል ከአየር ጋር ሲዋሐድ የሚሰጠው ሙቀት መውጫ አጥቶ በራሱ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል የእንጨት ሠራተኞች ያውቁታል። ጨርቁን ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ በውሃ ማስቀመጥ ያድናል።

የቡቲሪክ አሲድ ታሪክም መነሣት አለበት። ሸቭረል ከቅቤ ያወጣው ይህ አጭር አሲድ በሞራና በአትክልት ዘይት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። በ1879 ኬተስቶርፈር አንድ ግራም ስብ ለማሳሰን የሚፈልገውን ፖታሽ በሚሊግራም የሚለካ ዘዴ አወጣ፤ ለቅቤ ከ220 በላይ፣ ለበሬ ሞራ ግን 195 ግድም ይመጣል። በዚያው ዓመት ራይኸርት ደግሞ ከቅቤው በእንፋሎት የሚወጡትን አጫጭር አሲዶች ለካ። ቅቤ ውስጥ ሞራ ወይም የረጋ ዘይት የሚቀላቅል ነጋዴ በቁጥር የተያዘው ከዚህ በኋላ ነው። ጥያቄው በአዲስ አበባ ገበያም ቢሆን የማይታወቅ አይደለም።

የክብር ዘመኑ ባጭሩ ሊነገር ይችላል። በ1826 የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1830 በሟቹ በቮክላን ወንበር የሙዚየሙ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1857 ከለንደን የሮያል ሶሳይቲ የኮፕሌይ ሜዳልያን ተቀበለ። ከ1864 ጀምሮ ለዐሥራ አምስት ዓመት ሙዚየሙን በዳይሬክተርነት አስተዳደረ። የፕሩሲያ ሠራዊት ፓሪስን ከብቦ በጥር 1871 በመድፍ በደበደበ ጊዜ ጥይቱ በሙዚየሙ ግቢ ወድቆ የዕፅዋት ማሞቂያ ቤቶችን ሰባበረ። ሰማንያ አራት ዓመት የሆነው ዳይሬክተር ከተማይቱን ጥሎ አልሄደም፤ ተቃውሞውንም በጽሑፍ አድርጎ ለአካዳሚው አቀረበ።

መቶኛ ዓመቱ በ1886 በሕዝብ በዓል ተከበረ። ፎቶግራፍ አንሺው ናዳር ከሽማግሌው ጋር ሲነጋገር ልጁ ፖል ፎቶግራፍ አነሣ፤ ሥዕሎቹ ከንግግሩ ጋር በጋዜጣ ታተሙ። በፎቶግራፍ የተደገፈ የመጀመሪያው ቃለ ምልልስ ይኸው ነው ይባላል። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ የሚታየው ነጭ ጠጉሩ ወደ ላይ የቆመ፣ እጁን እያወናጨፈ የሚከራከር ሰው ነው። ራሱን የፈረንሳይ ተማሪዎች ሁሉ ታላቅ ብሎ መጥራት ይወድ ነበር። የሳሙናውን ዕንቁ መሳይ ቅርፊት ካየ ሰባ አምስት ዓመት ሆኖታል።

የኤፌል ግንብ በሚሠራበት ጊዜ በሠረገላ እየሄደ ይመለከተው ነበር ይባላል። በግንቡ ዙሪያ ከተጻፉት የሰባ ሁለት ሊቃውንትና መሐንዲሶች ስሞች አንዱ የእርሱ ነው፤ ግንቡ ሲያልቅ በሕይወት የነበሩት እርሱና ፊዚሲስቱ ፊዞ ብቻ ነበሩ። ግንቡ በመጋቢት 31 ቀን 1889 ተመረቀ። ሸቭረል በሚያዝያ 9 ቀን፣ በመቶ ሁለት ዓመቱ፣ በሙዚየሙ ቅጥር ውስጥ በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ። በኖትር ዳም ካቴድራል በመንግሥት ሥርዓት ጸሎት ከተደረገለት በኋላ ከፓሪስ በስተደቡብ ለብዙ ዓመታት የገጠር ቤት በነበረው በላይ መንደር ተቀበረ።